ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም

አስፋ፦ ጋሽ ኅሩይ፣ ለአንድ ቀን መንገድ ይሄ ሁሉ ሻንጣ ምን ያደርጋል?

ኅሩይ፦ ካባዬ ነው።

አስፋ፦ ካባ እንዲህ ይከብዳል እንዴ?

ኅሩይ፦ የድሮ ካባ ነው። ድሮ ነገር ሁሉ ከባድ ነበር።

አስፋ፦ ደግሞ ውስጡ የሆነ ነገር ይንኳኳል።

ኅሩይ፦ አዝራሩ ነው። አንተ ድሬሰር ነህ ወይስ የጉምሩክ ፈታሽ? ዝም ብለህ ተሸከም።

[ክርክሩ የሚካሄደው ጄኔቫ፣ ፕላንፓሌ በሚባል ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ደረጃ ላይ ነው። አቶ ኅሩይ የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሲወርዱ አንድ እጃቸው መደገፊያው ላይ፣ ሌላው ከዘራቸው ላይ ነው። በጃንሆይ ጊዜ የኤምባሲ ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ «ወደ አገር ተመለሱ» የሚል ቴሌግራም ሲልክባቸው ሻንጣቸውን አንሥተው ወደዚህ ዞሩ፤ ከዚያ ወዲህ የማያውቁት ነገር የለም። አስፋ ደግሞ አዲስ አበባ ሳለ የሆስፒታል ድሬሰር ነበር፤ አሁን ከዙሪክ ወዲያ፣ ኡስተር በምትባል ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራል። ነገር ቶሎ አይገባውም ይሉታል። እሱም ተቃውሞ አያውቅም፤ ምናልባት ገና አልገባው ይሆናል።

ዛሬ ግን ልቡ ቦታው ላይ የለችም። የመጦሪያው ዲሬክተር በወሩ መጨረሻ ይለቃሉ። የካንቶኑ፣ ማለትም የክፍለ ሀገሩ፣ መርማሪዎች ዛሬ አስፋን ፈትነው የአስተዳዳሪነት ፈቃድ ከሰጡት ወንበሩ የእሱ ነው። ካልሰጡት፣ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ፤ ያ ሰው ሽማግሌዎቹን ገና ሳይመሽ አስተኝቶ ራዲዮናቸውን የሚያስጠፋ ዓይነት መሆኑን አስፋ አጣርቷል። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ሻንጣው ተጨማሪ ነው።]

አስፋ፦ እኔ እኮ ትናንት የመጣሁት አንድ ወረቀት እንዲፈርሙልኝ ብቻ ነው። «በአገሩ ሳለ አውቀዋለሁ፣ ጠባዩ መልካም ነው» የሚል።

ኅሩይ፦ ምን ያደርግላቸዋል?

አስፋ፦ ለፈቃዱ የመልካም ጠባይ ማስረጃ ከአገር ቤት ይጠይቃሉ።

ኅሩይ፦ ከቀበሌ ልታመጣ ነው? «ጓድ ሊቀመንበር፣ ያመለጥኳችሁ አስፋ ነኝ፤ ጠባዬ መልካም መሆኑን መስክሩልኝ» ብለህ?

አስፋ፦ እሱን ስነግራቸው ነው «እንግዲያው የሚያውቅህ ሰው ይጻፍልህ» ያሉኝ።

[ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሙ። አቶ ኅሩይ ለማረፍ መቆማቸው እንዳይታወቅ ንግግር ጀመሩ።]

ኅሩይ፦ ወረቀት ምን ይረባል? ወረቀት አይለምን፣ ወረቀት ደጅ አይጠና። ሽማግሌ ሆኜ እሄድልሃለሁ አልኩህ፤ እሄድልሃለሁ።

አስፋ፦ ጋሼ፣ ሚስት አይደለም እኮ የምጠይቀው። ፈቃድ ነው።

ኅሩይ፦ ልዩነቱን ንገረኝ እስቲ። እዚያም «ይህ ሰው ቤት ያስተዳድራል ወይ?» ነው የሚሉት፣ እዚህም «ይህ ሰው ቤት ያስተዳድራል ወይ?» ነው።

[አስፋ ልዩነቱን ሲያስብ ምድር ቤት ደረሱ። ገና አላገኘውም።]

*

[ባቡሩ ወደ ዙሪክ ይሄዳል። አቶ ኅሩይ ካባቸውን ከሻንጣው አውጥተው፣ ሻንጣውን ቶሎ ዘግተው፣ ጥቁሩን ካባ ከነወርቅ ጥልፉ ደርበዋል። ተሳፋሪው ሁሉ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ያያቸዋል። አስፋ ሻንጣውን መደርደሪያው ላይ ሊያወጣ ይታገላል።]

አስፋ፦ ጋሼ፣ ካባው ወጥቶም እኮ አልቀለለም።

ኅሩይ፦ ጉልበትህ ደክሞ ነው። ተቀመጥና የምነግርህን ስማ። «ይህን ሥራ ትችላለህ ወይ?» ሲሉህ ምን ትላለህ?

አስፋ፦ እችላለሁ።

ኅሩይ፦ አየህ፣ ያልኩት አልቀረም። ጨዋ ሰው እችላለሁ አይልም። «እኔ ምን ችሎታ አለኝ፣ ብላችሁ ከሆነ እንጂ» ነው የሚለው።

አስፋ፦ እዚህ አገር እንደዚያ ካልኩ ያምኑኛል እኮ።

ኅሩይ፦ ለዚህ ነው ሽማግሌ የሚያስፈልግህ። አንተ አልችልም ትላለህ፣ እኔ ይችላል እላለሁ። ሌላስ ምን ምን ይፈልጋሉ?

አስፋ፦ የነርስነት ዲፕሎማ፣ አለኝ። የሥራ ልምድ፣ አለኝ። ሒሳብ አያያዝ፣ የእሳት አደጋ፣ ሕጉን ሁሉ ተፈትኜ አልፌአለሁ። የቀረው የዛሬው ነው። ዛሬ አንድ አዲስ ሽማግሌ ወደ መጦሪያው ይገባሉ፤ መርማሪዎቹ ቆመው እኔ እንዴት እንደምቀበላቸው ያያሉ። አዲስ ገቢ ሁሉ እልኸኛ ነው፤ አልቀመጥም፣ አልበላም፣ ቤቴ መልሱኝ ይላል። መጎተት የለም፣ መቆጣት የለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መዋሸት የለም።

ኅሩይ፦ መዋሸት ከሌለ በምን ያስተዳድሩታል?

አስፋ፦ እንጃ። ደንቡ ነው።

ኅሩይ፦ ደንብ ለእኔ ተወው። ካይሮ ሁለት ዓመት፣ ቦን አምስት ዓመት፣ ቤልግሬድ አራት ዓመት ደንብ ነው የበላሁት። እኔ የምናገረው በአማርኛ ነው፣ አንተ ትተረጉማለህ። ትልቅ ሰው የትም ሲሄድ በገዛ ቋንቋው ነው የሚናገረው። አስተርጓሚው እስኪጨርስ እሱ ያስባል።

[አስፋ ካይሮ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት ነበር። ይህን የአገሮች ዝርዝር ብዙ ጊዜ ሰምቶታል፤ ከመስማት ብዛትም መስማት ትቶታል። ያነቃው «አንተ ትተረጉማለህ» የሚለው ነው።]

አስፋ፦ እኔው ራሴ ስለ ራሴ የሚባለውን?

ኅሩይ፦ ሳመሰግንህ አትፈር እንጂ።

*

[ኡስተር፣ የመጦሪያው መግቢያ አዳራሽ። ገና ከበሩ ሳይገቡ ወጥ ሠሪው አስፋን ጠርቶ በጆሮው ነገረው። አዲስ ገቢ የተባሉት ሽማግሌ ቤታቸውን ከውስጥ ቆልፈው «እዚሁ እሞታለሁ» ብለዋል፤ አይመጡም። አስፋ ፊቱ አመድ መሰለ። አዲስ ገቢ ከሌለ ፈተና የለም፤ የሚቀጥለው ፈተና በጸደይ ነው፤ ወንበሩ ግን እስከ ጸደይ አይጠብቅም።]

ኅሩይ፦ ምን አለህ?

አስፋ፦ ምሳ ደርሷል አለኝ።

ኅሩይ፦ ምሳ ስለደረሰ ነው እንዲህ የሆንከው?

[መርማሪዎቹ መጡ፤ አንዲት ወፍራም ሴትና አንድ ብዕሩን የደገነ ቀጭን ሰውዬ። ሴትዮዋ ካባውን አየች፣ ከዘራውን አየች፣ ሻንጣውን አየች፤ ከዚያ ፊቷ በደግነት ፈካና ሁለት እጇን ዘርግታ፣ በጀርመንኛ፣ «እንኳን ወደ አዲሱ ቤትዎ በደህና መጡ» አለች። አስፋ ስህተቷን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ራዲዮ የሚያስጠፋው ሰውዬ ትዝ አለው። አፉን ዘጋ።]

ኅሩይ፦ ምን አለች?

አስፋ፦ እንኳን ደህና መጡ አለች።

ኅሩይ፦ ከዚያ የበለጠ ተናግራለች።

አስፋ፦ ጀርመንኛ እንዲህ ነው፣ ይረዝማል።

[ሴትዮዋ ወንበር ሳበችላቸው።]

አስፋ፦ ይቀመጡ እያለች ነው።

ኅሩይ፦ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም በላት።

አስፋ፦ [በጀርመንኛ] መቀመጥ አልፈልግም ይላሉ።

[ቀጭኑ ሰውዬ ጻፈ። ሴትዮዋ ለምን እንደማይቀመጡ ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቀች።]

አስፋ፦ ለምን አይቀመጡም ትላለች።

ኅሩይ፦ መጠየቋ ደግ ምልክት ነው። እንዲህ በላት፤ «ከሩቅ አገር መጥተን በደጃችሁ የቆምነው ቤታችሁን አክብረን ነው። ይህ ልጅ የጨዋ ልጅ ነው። ለታመመ የሚነሣ፣ ለደከመ የሚደርስ ነው። የጠየቅነውን ስጡንና አክብሩን።»

[በዚያች ቅጽበት ከደንቡ ውስጥ «መዋሸት የለም» የሚለው በትልልቅ ፊደል ለአስፋ ታየው።]

አስፋ፦ [በጀርመንኛ] ከሩቅ አገር ነው የመጣሁት፣ የሰው ቤት ይከብደኛል ይላሉ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው። አንዳንድ ጊዜ የመንግሥት መልእክተኛ የሆኑ ይመስላቸዋል። አእምሯቸው ትንሽ ሸርተት ብሏል። ባንከራከራቸው ጥሩ ነው።

[ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች።]

ኅሩይ፦ ልቧ ተነካ። የእኔ ነገር እንዲህ ነው። እሱ ሰውዬ ምንድን ነው የሚጽፈው?

አስፋ፦ ንግግርዎን ነው።

ኅሩይ፦ ይጻፍ። አንድም ቃል እንዳይቀር በለው።

[ምሳ መጣ። አይብ የፈሰሰበት ድንችና ቋሊማ ነው። ሴትዮዋ ሹካውን በገዛ እጇ አቀበለቻቸው።]

ኅሩይ፦ ዛሬ ረቡዕ ነው። ባይሆንም ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም እህል አይቀምስም።

አስፋ፦ [በጀርመንኛ] አልበላም ይላሉ።

[ቀጭኑ ሰውዬ ጻፈ፤ አሁን እያፋጠነ ነው። ከዚያ ሊረዳ ፈልጎ ይሁን ሰልችቶት፣ አቶ ኅሩይን ክንዳቸውን ያዝ አድርጎ ወደ ወንበሩ ሊመራቸው ሞከረ። አቶ ኅሩይ ከዘራቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መቱ። ሴትዮዋ አስፋን አየችው፤ እንግዲህ ተራው ያንተ ነው ማለቷ ነው።

አስፋ ግን እሷን አላያትም። የሚያየው የአቶ ኅሩይን ጉልበት ነበር። ከካባው በታች ሱሪያቸው በቀስታ ይርገበገባል። ይህን የሚያውቅ ሰው አይስተውም፤ ትንሽ ከቆዩ ይወድቃሉ። ፈተናውም ፈቃዱም ከራሱ ጠፋ። ሄዶ አጠገባቸው ቆመ፤ አልነካቸውም።]

አስፋ፦ ጋሼ፣ ጉልበትዎ።

ኅሩይ፦ እያየሁት ነው። አትንካኝ።

አስፋ፦ አልነካዎትም። እኔም አብሬዎት ቆሜአለሁ። ጉዳይዎ ተፈጽሟል፣ ይቀመጡ።

ኅሩይ፦ ማን ፈጸመው?

አስፋ፦ እኔ።

ኅሩይ፦ አንተ ማን ሆነህ ነው?

አስፋ፦ የቤቱ ሰው ነኝ።

[አቶ ኅሩይ ረዘም አድርገው አዩት። ከዚያ ካባቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። አስፋ አይብ የፈሰሰበትን ሳህን አንሥቶ ወጥ ቤት ገባና ነጭ ድንችና ዳቦ ይዞ መጣ። አቶ ኅሩይ ባርከው በሉ። ሴትዮዋ ቀጭኑን ሰውዬ በክርኗ ነካችው። ምን ብሎ እንዳስቀመጣቸው ስትጠይቀው አስፋ፣ በጀርመንኛ፣ «የጠየቁት ተፈጽሞላቸዋል አልኳቸው» አላት። እጁን ጨበጠችው፤ ፈቃዱ ተሰጥቶሃል አለችው። ሁለቱ መርማሪዎች ወጡ።]

አስፋ፦ ጋሼ፣ ፈቃዱን ሰጡኝ።

ኅሩይ፦ አላልኩህም? ወረቀቱን ይዘህ ብትሄድ ኖሮ አሁን ባዶ እጅህን ነበርክ። ጨው አምጣልኝ።

*

[አስፋ ጨው አመጣ። ሌላ ቀን ቢሆን ይጨፍር ነበር፤ አሁን ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና የጨው ዕቃውን ያሽከረክራል።]

አስፋ፦ ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ።

ኅሩይ፦ ጨው ነው ያልኩህ፣ ኑዛዜ አይደለም።

አስፋ፦ ሰዎቹ እርስዎ ለሽምግልና መምጣትዎን አላወቁም።

ኅሩይ፦ ታዲያ ለምን የመጣሁ መሰላቸው?

አስፋ፦ ሊገቡ። አዲስ ገቢው ሰውዬ ቀሩ። ሴትዮዋ በእርስዎ ሻንጣ ተሳሳተች፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝም ብቻም አላልኩ። ላይ ቤት ያለው የተዘጋጀ ክፍል የእርስዎ ነው ብለው ነው የሄዱት። ነገ እጽፍላቸዋለሁ። ፈቃዱንም እመልሳለሁ።

ኅሩይ፦ ትመልሳለህ?

አስፋ፦ በውሸት የተሰጠኝን ይዤ እንዴት ከእነዚህ ሽማግሌዎች ፊት እቆማለሁ? ያ ሰውዬ ይምጣ። ራዲዮውን እንዳያስጠፋ እለምነዋለሁ።

[አቶ ኅሩይ አፋቸውን ጠረጉ። ሳህኑን ወደ ጎን ገፉ።]

ኅሩይ፦ ሻንጣውን ክፈተው።

አስፋ፦ ካባውን ሊከቱ ነው?

ኅሩይ፦ ክፈተው አልኩህ።

[አስፋ ከፈተው። ፒጃማ። የሱፍ ሹራብ። የቤት ጫማ። ፍል ውሃ የሚሞላበት ጎማ። የጉልበት ቅባት። ዳዊት። የሟች ባለቤታቸው የወይዘሮ ሙሉወርቅ ፎቶ፣ ከነመስታወቱ። ከሁሉም በታች የግድግዳ ሰዓት፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲንኳኳ የነበረው አዝራር እሱ ነው።]

አስፋ፦ ለአንድ ቀን ይሄ ሁሉ?

ኅሩይ፦ አንተ ሰው፣ ካባው ወጥቶ አልቀለለም ያልከው አንተ ራስህ አይደለህም? ያኔ ለምን አልገባህም?

[አሁንም ወዲያው አልገባውም። ፒጃማውን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ እሳቸውን አየ። ሲገባው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አላፈረበትም።]

ኅሩይ፦ ባለፈው ሳምንት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ መነሣት አቃተኝ። የጎረቤት ሴትዮ ናት ያነሣችኝ። አንተ ስለዚህ ቤት በስልክ ስታወራልኝ ዝም ብዬ እሰማሃለሁ። ግን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ኅሩይ ጧሪ አጥቶ ከፈረንጅ ሽማግሌ ጋር ተቀላቀለ ሊሉኝ? ላንተ ሽማግሌ ሆኖ መምጣት ቀላል ነው። ለእኔ የምልከው ሽማግሌ አልነበረኝም።

አስፋ፦ ታዲያ ሴትዮዋ «እንኳን ወደ አዲሱ ቤትዎ በደህና መጡ» ነበር ያለችው። ምነው በተረጎምኩልዎት። እኔ እኮ አይሰሙም ብዬ ነው።

ኅሩይ፦ ማን አይሰማም አለህ?

አስፋ፦ ጀርመንኛ ነው እኮ።

ኅሩይ፦ ቦን አምስት ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለህ? የእነዚህ ዘዬ ትንሽ ያስቸግራል፤ ደግነቱ ላንተ ብለው ቀስ እያሉ ነው የተናገሩት፣ ለእኔም ጠቀመኝ።

[አስፋ ወንበሩን ያዘ። አዳራሹ ውስጥ የተናገረው ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣ ፊቱ ቆመ።]

አስፋ፦ ሁሉንም ሰሙ?

ኅሩይ፦ «አእምሯቸው ሸርተት ብሏል» ያልከውን ሰምቻለሁ። ከወንበሩ ፊት ቆሜ ጉልበቴ እየከዳኝ አልቀመጥም የምለው ታዲያ ለማን መሰለህ? አዲስ ገቢ ሁሉ እልኸኛ ነው አላልክም? ቶሎ ብቀመጥልህ ምኑን ይፈትኑሃል?

አስፋ፦ የመልእክተኛውንም ነገር ሰሙ?

ኅሩይ፦ ሰምቻለሁ። የመንግሥት መልእክተኛ የሆንኩ የሚመስለኝ ስለነበርኩ ነው። እሱን ይቅር ብዬሃለሁ። ሰማንያ ዓመት ያልከውን ግን አልምርህም። ሰባ ሦስት ነኝ።

አስፋ፦ ይቅር ይበሉኝ። ፈቃዱን ግን...

ኅሩይ፦ አዲስ ገቢ ነው አሉ። አዲስ ገቢ ነኝ፣ ሻንጣዬም ይኸው። ሳይጎተት ተቀመጠ አሉ። ተቀምጫለሁ። የመልእክተኛውም ነገር እውነት ነው፤ አእምሮዬም ባይሸረተት ከነሰዓቴ እዚህ አልመጣም። የዋሸኸው ዕድሜዬን ብቻ ነው፤ ነገ ጻፍና እሱን አስተካክል።

*

[ላይ ቤት፣ የተዘጋጀው ክፍል። ቤቱ አሳንሰር አለው። አስፋ ሰዓቱን ሰቀለ፣ ፎቶውን ከራስጌ አደረገ፣ አልጋውን ገለጠ። አቶ ኅሩይ ከነካባቸው መሐል ክፍሉ ላይ ቆመዋል።]

አስፋ፦ ይቀመጡ እንጂ።

ኅሩይ፦ ጉዳዬ ሳይፈጸም አልቀመጥም።

አስፋ፦ ምንድን ነው ጉዳይዎ?

ኅሩይ፦ ጄኔቫ ለሚጠይቅህ ሁሉ፣ «እኔ ነኝ ለምኜ ያመጣኋቸው፤ ያለ እሳቸው ቤቱን ማስተዳደር አቅቶኝ» ብለህ እንድትነግርልኝ።

አስፋ፦ ደንቡስ? መዋሸት የለም እኮ።

[አቶ ኅሩይ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። አስፋ ለአንድ ጊዜ ሳይዘገይ ገባው።]

አስፋ፦ ውሸትም አይደለም። ያለ እርስዎ ዛሬ ምን እሆን ነበር? ተፈጽሟል ጋሼ፣ ይቀመጡ።

[ተቀመጡ። ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን ጫን አድርገው መረመሩት፤ ወደ መስኮቱ አዩ፤ ሰዓቱ መምታቱን አዳመጡ። ደህና ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። አስፋ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሶ ወደ በሩ ዞረ። ፈቃዱን ካገኘ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም። ከኋላው የከዘራ ድምፅ ሰማና ዘወር አለ። አቶ ኅሩይ እንደገና ተነሥተው ቆመዋል።]

አስፋ፦ አሁን ደግሞ ምን ሆኑ?

ኅሩይ፦ ረቡዕና ዓርብ ስለሚቀርበው አይብ ነው።